መርከብ ከመሳፈር አስቀድሞ፤ በሊዝቦን ከተማ ያሳለፍናቸው ሁለት ቀኖች

ባሕር ለመሻገር የተነሣ ሰው አሳቡ ሁሉ በመርከቡ ላይ ነው። መርከቡ የሚነሣበትን ከተማ ግን ደጅ እንደሚጠናበት ግቢ ይቈጥረዋል፤ እስኪጠራ ድረስ ጓዙን አጠገቡ አድርጎ ይቀመጥበታል፥ በተጠራም ጊዜ ዘወር ብሎ ሳያየው ይሄዳል። ይህ የሚያስቈጭ ነገር ነው። የወደብ ከተማ ብዙ ዘመን ሰው ሲሸኝበትና ሲጠበቅበት የኖረ ስፍራ ስለ ሆነ፥ አንድ አገር ከሌላው አገር ጋር ያደረገው ሥራ፥ መልካሙም ክፉውም፥ ከመካከለኛው አገር ይልቅ በዚያ ይታያል። ስለዚህ ከቤተ ሰባችን ጋር መርከብ ከመሳፈራችን አስቀድሞ በሊዝቦን ከተማ ያየነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንነግር ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሊዝቦን የፖርቱጋል ዋና ከተማ ናት። ታጉስ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከመግባቱ በፊት እንደ ሐይቅ ሰፍቶ በሚተኛበት ስፍራ፥ በሰሜኑ ዳር፥ በኰረብቶች ላይ ተሠርታለች። ፀሐይ በዓመት 2,800 ሰዓት ያህል ስለምታበራላት ከአውሮፓ ዋና ከተሞች ሁሉ ብርሃን ከበዛላቸው አንዷ ናት። የቤቶቿ ጣራ ቀይ ሸክላ ነው፤ የብዙዎቹም ግድግዳ አዙሌዦ በሚባል ቀለም በተቀባ የሸክላ ንጣፍ ተሸፍኗል፤ ቃሉም ከዐረብኛ የመጣ ነው። የእግረኛው መንገድ በነጭና በጥቁር ትንንሽ ድንጋይ እንደ ጥልፍ ተሠርቷል። እኛ የደረስነው በነሐሴ ወር፥ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ነበረ፤ በአገራችን ዝናሙ ሲበረታ በዚያ ሰማዩ ጠርቶ፥ ከወንዙ የሚነሣው ብርሃን ዓይን ይወጋ ነበር።

ጉዟችን ከሊዝቦን ተነሥቶ ወደ ካዲዝ፥ ከዚያም ወደ ታንጀርና ወደ ማዴራ ደሴት ደርሶ በሰባት ቀን ወደ ሊዝቦን የሚመለስ ነው። እዚህ ላይ ለቤተ ሰብ አባቶች አንድ ነገር እንንገር። ታንጀር የሞሮኮ ከተማ ስለ ሆነች፥ ከዚያ ወደ ማዴራ ሲመለሱ ሁለተኛ ጊዜ ወደ አውሮፓ እንደ መግባት ይቈጠራል፤ ስለዚህ በፓስፖርቱ ላይ የሚታተመው የመግቢያ ፈቃድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንደ ሆነ መንገዱ በመካከል ይቋረጣል። የሞሮኮም ፈቃድ ለብቻው የሚጠየቅ መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ይህን ቲኬት ከመግዛት በፊት መጠየቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ እንባ ያድናል።

ከእኛ ጋር የነበሩት ባለቤታችን፥ ሁለቱ ልጆቻችንና ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናታችን ናቸው። እናታችን ባሕር አይተው አያውቁም፤ ጕልበታቸውንም ያማቸዋል። ወደዚህ ጉዞ እንዲመጡ ያግባባናቸው በብዙ ልመና ነው። ምክንያቱም ታናሽ ወንድማችን ባሕር ማዶ ከሄደ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ሆነውና ተመልሶ ስላልመጣ፥ እርሳቸው ባሕርን እንደ መንገድ ሳይሆን እንደ ወሳጅ ያዩታል። በመጀመሪያው ጧት በሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፥ «እናንተ ዕዩና ንገሩኝ፤ እኔ እዚሁ ጓዙን እጠብቃለሁ» አሉ። ልጆቹ ደግሞ ዓሣ የሚታይበትን ቤት ካላየን ብለው ያለቅሳሉ። እኛም በመጽሐፍ ያነበብናቸውን ሐውልቶች ሁሉ ለማየት ቸኵለናል። ባለቤታችን ይህን አይታ፥ «እያንዳንዱ አንድ ስፍራ ይምረጥ፥ የተመረጠውንም ሁላችን ተከትለን እንይ» ብላ ፈረደች። እናታችንም ቤተ ክርስቲያን መረጡ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ቤሌም የሚባል ሰፈር እንዳለ፥ ትርጓሜውም ቤተ ልሔም እንደ ሆነ በነገርናቸው ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ወደ ቤሌም በወንዙ ዳር የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ። በዚያ ያለው የቅዱስ ሄሮኒሞስ ገዳም በንጉሥ ማኑኤል ትእዛዝ በ1501 ዓመት ገደማ ተጀምሮ መቶ ዓመት ያህል የተሠራ ነው። ገንዘቡም አብዛኛው ከአፍሪካና ከሕንድ ከሚመጣው ንግድ ላይ ከተቀረጠው ቀረጥ የወጣ ነው። ዓምዶቹ እንደ ዘንባባ ግንድ ወደ ላይ ወጥተው ጣራው ላይ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ በድንጋዩም ላይ የመርከብ ገመድ፥ ቅጠልና የባሕር አውሬ ተቀርጿል። የተሠራበት ድንጋይ ነጭ ሆኖ በፀሐይ ጊዜ ወርቅ ይመስላል። እናታችን ጫማቸውን ሊያወልቁ ባሉ ጊዜ የአገሩ ልማድ እንዳልሆነ ነገርናቸው፤ እርሳቸው ግን በደጁ ተሳልመው ገቡ።

በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አጠገብ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር ይገኛል። ይህ ሰው በሐምሌ 1497 ከዚሁ ከቤሌም ዳርቻ ተነሥቶ፥ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ፥ በ1498 ሕንድ የደረሰው ነው። በሦስተኛው ጉዞው በ1524 በሕንድ አገር በኮቺን ሞተ፤ ዐፅሙም ኋላ ወደ አገሩ መጥቶ በ1880 ወደዚህ ገዳም ገባ። ይህን ስንነግራቸው እናታችን እጃቸውን በድንጋዩ ላይ አድርገው፥ «ከሞተም በኋላ ቢሆን መጥቷል» አሉ። ቀጥለውም ልጅ እንደ ነበረው ጠየቁን።

በእውነትም የዚህ ሰው ልጅ ታሪክ የእኛም ታሪክ ነው። ልጁ ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ሰዎች አስከትሎ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባው ነው። በ1542 በኢማም አሕመድ እጅ ወድቆ ተገደለ፤ የቀሩት ጓደኞቹ ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋር ሆነው በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ጦርነት ተካፈሉ። እርሱን በድንጋይ ተቀርጾ ለማየት ከገዳሙ ወጥቶ ወደ ወንዙ ዳር መሻገር ይበቃል። በዚያ የቆመው ትልቅ ሐውልት የመርከብ ቅርጽ ያለው ሆኖ፥ መጀመሪያ በ1940 ለጊዜው ተሠርቶ፥ በ1960 በጽኑ ድንጋይ እንደ ገና የቆመ ነው። በፊተኛው ጫፍ ልዑል ሄንሪ ቆሟል፤ ከኋላው በግራና በቀኝ መርከበኞች፥ ሊቃውንትና ካህናት ተሰልፈዋል። በስተ ምሥራቅ ካለው ረድፍ መጨረሻ ላይ ክርስቶፎር ዳ ጋማ አለ። በስተ ምዕራብም ባለው ረድፍ ፔሮ ዳ ኮቪልያ አለ።

ይህ ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ1487 የቄስ ዮሐንስን መንግሥት ፈልግ ተብሎ ከንጉሡ ተልኮ፥ በግብጽና በሕንድ ዞሮ፥ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ሰው ነው። በአገራችን ቤተ መንግሥት ክብርና ርስት ተሰጠው፥ ሚስትም አገባ፥ ልጆችም ወለደ፤ ነገር ግን ወደ አገሩ እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። በ1520 የፖርቱጋል መላክተኞች በመጡ ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአገሩ ተለይቶ በሕይወት አገኙት። የአገሩን ቋንቋ ከአገሩ ሰው አፍ ሲሰማ ምን እንደ ተሰማው ማሰብ ይቻላል።

እናታችን በሐውልቱ ጥላ ተቀምጠው ይህን ሁሉ አዳመጡ። ሌሎች ሰዎች ፎቶግራፍ ሲነሡ እርሳቸው ያንን የድንጋይ ሰው ብቻ ይመለከቱ ነበር። በመጨረሻ፥ «በእኛ አገር ተከብሮ ኖሯል፤ አልተራበም አልተጠማም። እናቱ ግን ይህን ማን ነግሯት?» አሉ። ስለ ማን እንደሚናገሩ ሁላችን ዐወቅን፤ የመለሰ ግን አልነበረም።

ስለ ሐውልቱ እውነቱን ሁሉ ለመናገር ያህል፥ ከዚህ ወደብ የወጡት መርከቦች ወርቅና በርበሬ ብቻ ይዘው አልተመለሱም። ከዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከአፍሪካ ዳርቻ የተያዙ ሰዎች ወደ ሊዝቦን መጥተው ይሸጡ ነበር። በድንጋዩ ላይ እነርሱ አልተቀረጹም። ልጆቻችን ዕድሜያቸው ገና ቢሆንም ይህን ነገርናቸው፤ ያማረውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ልጅ ግማሹን አይቶ የመጣ ነውና።

በዚያው ሰፈር ከ1837 ጀምሮ የሚሸጥ፥ በእንቍላል አስኳልና በወተት የሚሠራ ትንሽ ኬክ አለ፤ ከምድጃ እንደ ወጣ ቀረፋ ነስንሰው ይበሉታል። ዕለቱ ሐሙስ ስለ ነበረ እናታችንም ቀመሱ፥ ሁለተኛም አልጠሉም። ከቀትር በኋላ የልጆቹ ተራ ሆነ። ዓሣ የሚታይበት ቤት ኦሴናርዮ ይባላል፤ በከተማው ምሥራቅ በኩል በ1998 ለዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ ነው። በመካከሉ 5 ሚሊዮን ሊትር ውኃ የሚይዝ ገንዳ አለ፤ ከመስተዋቱ ማዶ ሻርክና ልዩ ልዩ ዓሣ ሁሉ በአንድነት ሲዋኝ ይታያል። ባሕርን ይፈሩ የነበሩት እናታችን በዚያ መስተዋት ፊት ከልጆቹ ይልቅ ብዙ ቈዩ። እኛም ሐውልት እንቍጠር ብለን ብንሄድ ኖሮ ይህን አናገኝም ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ የእኛ ምርጫ ነበረ፤ መርከቡም የሚነሣው በዚያው ቀን ማታ ነው። ጓዛችንን በጧት ለመርከቡ ሰዎች አስረክበን፥ ፓስፖርትና የእናታችንን መድኃኒት ብቻ በእጃችን ይዘን፥ ንግድ አደባባይ ወደሚባለው ስፍራ ሄድን። ይህ አደባባይ በሦስት ወገን በቢጫ ሕንፃ የተከበበ ሆኖ በአራተኛው ወገን ለወንዙ ክፍት ነው። በመካከሉ ንጉሥ ዦዜ በፈረስ ተቀምጦ ይታያል፤ ሐውልቱም በ1775 የቆመ ነው። ቀድሞ በዚህ ስፍራ የነገሥታቱ ግቢ ነበረ።

ግቢው የጠፋው በኅዳር 1 ቀን 1755 ነው። ዕለቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሆኖ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስቦ ሳለ፥ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ምድር ተናወጠች። ከሕንፃ መውደቅ ያመለጠው ሕዝብ ወደ ወንዙ ዳር ቢሸሽ ውኃው ተነሥቶ ወሰደው፤ ለበዓሉ ከበራው ሻማና ከየምድጃው የተነሣውም እሳት ብዙ ቀን ነደደ። በአንድ ጧት በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ከተማውን መልሶ ያቋቋመው ኋላ ማርኪዝ ፖምባል የተባለው ሚኒስትር ነው። መሐንዲሶቹ መንገዱን ቀጥ አድርገው ቀየሱት፤ በየቤቱም ግድግዳ ውስጥ ምድር ሲናወጥ የሚለመጥ እንጂ የማይሰበር የእንጨት ማገር እንዲገባ አደረጉ። ደግሞም መናወጡ ስንት ደቂቃ ቈየ፥ ስንት ቤት ፈረሰ፥ ውኃው አስቀድሞ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ እያለ ለየአጥቢያው ጥያቄ ላከ። የዛሬ ሊቃውንት ይህን መጠይቅ የምድር መናወጥ ጥናት መጀመሪያ ከሚሆኑት አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል። መከራ በደረሰ ጊዜ ከማልቀስ ጋር መጠየቅና መጻፍ እንደሚገባ ለሹማምንት ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከአደባባዩ በላይ ባለው ኰረብታ ላይ በ1389 የተመሠረተው የካርሞ ገዳም አለ። ጣራው በዚያን ቀን ወድቆ እስከ ዛሬ አልተከደነም፤ ቅስቶቹ ብቻ በሰማያዊው ሰማይ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተዘርግተው ይታያሉ። ሆን ተብሎ እንዲሁ የተተወ ነው። በዚያ ጣራ በሌለው ቤተ ክርስቲያን ቆመን ለልጆቻችን የአንድ ኢትዮጵያዊ ነገር ነገርናቸው።

አስቀድሞ ንግሥት እሌኒ የላከችው ማቴዎስ በ1514 ሊዝቦን ደርሶ ነበር። ከእርሱ በኋላ ዐፄ ልብነ ድንግል ጸጋ ዘአብ የተባለውን ካህን ላከ፤ እርሱም ከቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር በ1527 ሊዝቦን ገባ። ለፍቅርና ለስምምነት የመጣ መላክተኛ ሲሆን የቤተ መንግሥቱ የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ ቀዳሚት ሰንበትና ስለ ግዝረት ይመረምሩት ጀመር፤ ቅዱስ ቍርባንም ከለከሉት። ብዙ ዓመትም በዚያ አቈዩት። እርሱ ግን አልተቈጣም፤ በ1534 የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ሥርዓት በዝርዝር ጽፎ፥ ከሩቅ አገር የመጣ ክርስቲያን እንደ ባዕድ መቈጠሩ እንደማይገባ አስረዳ። ዳምያኦ ደ ጎይሽ የተባለ የፖርቱጋል ሊቅ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቬን አሳተመው፤ በፖርቱጋል ግን መጽሐፉ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ጸጋ ዘአብ ያያት ሊዝቦን በ1755 ወድቃለች፤ በእርሱ ዘመን ገና ሲሠራ የነበረው የቤሌም ገዳም ግን ቆሟል፥ ቃሉም ቆሟል።

እንግዲህ ነገሩን ስናስተያየው ሁለቱም ነገሥታት አንድ ሥራ ሠርተዋል። የእኛ ቤተ መንግሥት ኮቪልያን በክብር አስቀረው፤ የእነርሱ ቤተ መንግሥት ጸጋ ዘአብን በክርክር አዘገየው። በሁለቱም በኩል መንገዱን ዐይኗን ተክላ የምትጠብቅ ሴት ነበረች፤ ስሟን ግን የጻፈ የለም።

ለምሳ ዳቦ፥ የወይራ ፍሬ፥ በዘይት የተሠራ ሽምብራና አትክልት አገኘን፤ ዓርብ ለሚጾም ሰው በዚህ ከተማ ችግር የለም። ከምሳ በኋላ በ1147 ከሙሮች እጅ ወደ ተወሰደው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ ልንወጣ አስበን ነበር፤ ከላዩ ከተማው ሁሉ ይታያል ይባላል። በዚህ ጊዜ እናታችን፥ «አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ለዚያ ልጅ ደብዳቤ ጻፉልኝ፥ ከዚሁ ይሂድ» አሉ። ሰዓታችንን አየን። መርከብ ለማንም አይቈይም፤ በሩም ከመነሻው ሰዓት አስቀድሞ ይዘጋል። ግንቡንና ፖስታ ቤቱን ሁለቱን ማድረስ አይቻልም ነበር። ልጆቹ ወደ ግንቡ ቀና ብለው አዩ፤ ኋላ ግን ታላቁ ልጅ፥ «እማማ፥ ካርዱን እኔ ልምረጥልዎት» አለ።

ያ የቤሌም ሐውልት ያለበት ካርድ ተመረጠ። እናታችን በመንገድ ዳር ባለ ወንበር ተቀምጠው ቃሉን ነገሩን፥ እኛም ጻፍን። ስለ ወንድማችን ክብር ሁሉን አንገልጽም፤ ነገር ግን ወቀሳ አልነበረበትም። «ባሕሩን አየሁት፤ እንደ ፈራሁት አይደለም። ወዲያ የሚወስደው መንገድ ወዲህም ይመልሳል» የሚል ነበረበት። ቴምብሩን ለጥፈን በቀዩ የፖስታ ሣጥን ውስጥ እርሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ጣሉት፤ ከጣሉትም በኋላ ሣጥኑን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳለሙት።

ከዚያ በአልፋማ ሰፈር በኩል ወደ ወደቡ ወረድን። አልፋማ ከዐረብኛ የመጣ ስም ሆኖ ፍል ውኃ ማለት ነው። በ1755 አብዛኛው ስላልወደቀ የቀድሞዋ ሊዝቦን መልክ በዚያ ይገኛል፤ መንገዱ ጠባብና ደረጃው ብዙ ነው፥ በየመስኮቱ ልብስ ተሰጥቷል፥ ማታ ማታ ፋዶ የሚባለው የናፍቆት ዘፈን ይሰማል። ደረጃውን በዝግታ፥ እናታችንን በግራና በቀኝ ደግፈን ወረድን። የመንገደኞች መቀበያው ቤት በ1917 ሳይሆን በዘመናችን በ2017 የተከፈተ አዲስ ሕንፃ ሲሆን በአልፋማ ግርጌ ይገኛል፤ ክብደቱ እንዲቀንስ ከሲሚንቶው ጋር ቡሽ ተደባልቆበታል። ፖርቱጋል በዓለም ላይ ቡሽ በማውጣት አንደኛ ናትና። በጊዜ ደርሰን ተሳፈርን።

መርከቡ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። በ1966 በተሠራው፥ 2,277 ሜትር በሚረዝመው የብረት ድልድይ ሥር ሲያልፍ ልጆቹ ምሰሶው ይነካል ብለው ጐንበስ አሉ፤ ከውኃው እስከ ድልድዩ ግን 70 ሜትር ያህል ነው። ቀጥሎ ቤሌም በቀኝ በኩል ታየ። ከየብስ ሲያዩአቸው ጀርባቸውን የሚሰጡት የድንጋይ ሰዎች ከወንዙ ላይ ሲያዩአቸው ፊታቸው ወደ መንገደኛው ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ከቤተ ሰባችሁ ጋር እንዲህ ያለ ጉዞ ብታስቡ፥ ከመርከቡ መነሻ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ከወደቡ ከተማ ግቡ፤ በመንገድ የሚዘገይ ነገር ቢኖር ጊዜ ይተርፋችኋል። ሰኞ ብዙው የመንግሥት ቤተ መዘክር ዝግ ስለ ሆነ ቀኑን ምረጡ። ድንጋዩ የሚያንሸራትት ስለ ሆነ ለሽማግሌዎች ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉላቸው፥ ለቀትሩ ፀሐይም ባርኔጣ ያዙ። ከሁሉም በላይ የሚታየውን ስፍራ አባወራው ብቻ አይምረጥ። እኛ ግንቡን ከታች ብቻ አየነው፤ ካርዱ ግን ደርሷል፥ መልሱም በጥቅምት ወር መጥቶልናል።